ርካሽ ስሊፒንግ ባግ፣ ውድ ሌሊት

ሸማች ዕቃ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሱቅ ውስጥ የሚነገረው ዋጋና በመጨረሻ ከኪስ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በሞተር ሳይክል ከከተማ ወጥቶ በድንኳን ለማደር የሚፈልግ ሰው የሚገዛው የመኝታ ከረጢት፣ በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የሚባለው፣ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ትምህርቱን ያገኘው በራሱ ገንዘብ ነው። በአንድ የታኅሣሥ ወር ከጓደኛው ጋር በሁለት ሞተር ሳይክል ወደ ባሌ ተጉዞ ዲንሾ ላይ አደረ። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት በገዛው ከረጢት ላይ በደማቅ ቁጥር «-5 ዲግሪ» ተጽፎ ነበር። ሻጩም «ወንድሜ፣ ይኼ በረዶ ላይ ያስተኛሃል» ብሎታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ ንጋትን ይጠብቅ ነበር። ጠዋት ጉዞው ሲቀጥል ጋሪና የከብት መንጋ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ዓይኑ ሁለት ጊዜ ተከደነ። ሞተሩን አቁሞ አንድ ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ለመተኛት ተገደደ። በዚህም የተነሳ አዲስ አበባ የገባው በማግስቱ ሲሆን የሰኞ ጠዋት ቀጠሮው አመለጠው። በከረጢቱ ዋጋ ላይ «ያተረፈው» ገንዘብ በዚያች አንድ ቀን አለቀ።

ቤቱ ገብቶ የከረጢቱን መለያ ጨርቅ በጥሞና ሲያነብ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተገለጠለት። ከደማቁ ቁጥር በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ነበሩ።

ሦስቱ ቁጥሮች

በአውሮፓ የመኝታ ከረጢት ሙቀት የሚለካበት ኢኤን 13537 የተባለ የደረጃ መስፈርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 23537 ወጥቶ ተክቶታል። በመስፈርቱ መሠረት የሰው ቅርጽ ያለው፣ ሙቀት የሚያመነጭ አሻንጉሊት ቀጭን የውስጥ ልብስ ለብሶ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ከረጢቱ ውስጥ ይለካል። ከልኬቱ ከሚወጡት ቁጥሮች ለገዢ ዋና የሆኑት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የምቾት ቁጥር ነው። አንዲት አማካይ ሴት ተዝናንታ ልትተኛ የምትችልበትን ዝቅተኛ የአየር ሙቀት ያመለክታል። ሁለተኛው የወሰን ቁጥር ሲሆን፣ አንድ አማካይ ወንድ ተኮራምቶ ሳይነቃ ስምንት ሰዓት ሊያድር የሚችልበት ነው። ሦስተኛው የጽንፍ ቁጥር ነው። ይህ ስለ እንቅልፍ አይናገርም። አንዲት አማካይ ሴት በብርድ ሳትሞት ስድስት ሰዓት ልትቆይ የምትችልበትን ሙቀት ብቻ ነው የሚያሳየው።

ለምሳሌ አንድ ከረጢት ምቾቱ 11፣ ወሰኑ 7፣ ጽንፉ ደግሞ -5 ሊሆን ይችላል። በምቾትና በጽንፍ መካከል 16 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። አንዳንድ አምራችና ነጋዴ ግን በትልቁ የሚጽፈው ሦስተኛውን ነው። ሸማች ማወዳደር ያለበት ግን የምቾትን ቁጥር ከምቾት ቁጥር ጋር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ያለበትና የየትኛው እንደሆነ የማይገልጽ ዕቃ ሲያጋጥም ቁጥሩን የጽንፍ ነው ብሎ መገመት ይበጃል።

ለየት ያለ ቦታ፣ ለየት ያለ ከረጢት

የአገራችን ሰው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ አየሩን በከፍታ ከፋፍሎ ኖሯል። ለገዢውም የሚጠቅመው ይኸው ዕውቀት ነው። ከፍታ በ1 ሺሕ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1 ሺሕ 600 ሜትር ሲሆን፣ በባሌ የሚገኘው የሰነቴ አምባ ወደ 4 ሺሕ ሜትር ነው። ልዩነቱ በሙቀት ሲመነዘር ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። በተጨማሪም በደጋው ብርዱ የሚጠነክረው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋው ሌሊት ነው።

ስለዚህ ሐይቅ ዳር ብቻ ለሚያድር ሰው ምቾቱ 10 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ከረጢት ይበቃዋል። ለእርሱ የበረዶ ተራራ ከረጢት መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ወደ ደጋው ለሚወጣ ግን ምቾቱ 0 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን መፈለግ ግድ ይለዋል። በሁለቱ መካከል ላለ ሰው ምቾቱ 5 ዲግሪ የሆነውን ገዝቶ፣ ሲበርድ ጋቢ መደረብ አዋጪ መፍትሔ ነው። ጋቢ ጥጥ በመሆኑ ከረጠበ ሙቀት አይሰጥምና ከዝናብ ይጠበቅ።

ላባ ወይስ ፖሊስተር?

የከረጢት ሙሌት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የዳክዬ ወይም የዝይ ለስላሳ የደረት ላባ ሲሆን፣ ቀላልና በጣም ተጨምቆ የሚታጠፍ ነው። ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው፤ ሲረጥብ ይጨማደዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው ፖሊስተር ነው። ይህ ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ሆኖም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይሰጣል፣ ቶሎም ይደርቃል።

እግረኛ ዕቃውን በጀርባው ስለሚሸከም ለክብደት ይጨነቃል። ለሞተረኛ ክብደቱ የሞተሩ ነው፤ የእርሱ ችግር ቦታ ነው። ስለሆነም ከመግዛቱ በፊት የኋላ መቀመጫውንና የጎን ሻንጣውን በሜትር ለክቶ ወደ ሱቅ ቢሄድ ይመረጣል። የፖሊስተሩን መጠን በማጥበቂያ ጠፍር መቀነስ ይቻላል። ከረጢቱ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከማርሚታው ርቆ ይታሰር፤ ናይለን በሙቀት ይቀልጣልና። እነዚህ ከተሟሉ በመጠነኛ በጀት ለሚጓዝ ሞተረኛ ፖሊስተር የተሻለ ምርጫ ነው።

ከሥር ያለው አይዘንጋ

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው። ሙሌት ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ባለው አየር ነው። በሰው ክብደት የተጨፈለቀው የከረጢቱ ወለል ግን አየር የለውም፤ መሬቱም ሙቀትን ይስባል። ስለዚህ የተወሰነውን በጀት ለምንጣፍ መመደብ ከውድ ከረጢት ይልቅ ብዙ ጊዜ ውጤት ያመጣል። ውኃ የማይመጥ፣ ጠጠር ያለ ተጠቅላይ ስፖንጅ ርካሽና ጠንካራ ነው። ተራው የፍራሽ ስፖንጅ ግን ውኃ ስለሚመጥና በክብደት ስለሚጨፈለቅ ምትክ አይሆንም።

የአንድ ሌሊት ዋጋ

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንደኛው ከረጢት 6 ሺሕ ብር ተገዝቶ 15 ሌሊት ካገለገለ በኋላ ዚፑ ቢበጠስና ሙሌቱ ቢጓጉል፣ የአንድ ሌሊት ዋጋው 400 ብር ነው። ሁለተኛው 10 ሺሕ ብር ተገዝቶ 50 ሌሊት ቢያገለግል 200 ብር ይሆናል። ውዱ ረከሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ገዢው ያን ያህል ሌሊት በእርግጥ ደጅ የሚያድር ከሆነ ነው። በዓመት ሁለት ሌሊት ብቻ ለሚወጣ ሰው በ10 ሺሕ ብር የተገዛው ከረጢት 50 ሌሊት ለመሙላት 25 ዓመት ያስፈልገዋል። ኪራዩ በሌሊት 300 ብር ቢሆን ግዢና ኪራይ የሚመጣጠኑት ወደ 33ኛው ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚወጣ ሰው መከራየት ወይም ከወዳጅ መዋስ አዋጪ ነው።

ሱቅ ውስጥ

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከረጢቱን ከመያዣው አውጥቶ መሬት ላይ መዘርጋት ተገቢ ነው። ጥሩ ሙሌት ቀስ በቀስ ይነፋል፤ ተጨፍልቆ የቀረው ያገለገለ ወይም ያረጀ ነው። በብርሃን ፊት ሲያዩት ባዶ ቦታ ካለ ብርድ የሚገባው በዚያ ነው። ዚፑን አሥር ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ ከዚፑ ጀርባ ነፋስ የሚከለክል ወፍራም ጠርዝ መኖሩንም ይመልከቱ። ጫማ አውልቆ ገብቶ መሞከርም አያሳፍርም። ትከሻ ከጠበበ ሙሌቱ ይጨፈለቃል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ሰውነት የሚያሞቀው ባዶ አየር ይበዛል።

ከገዙ በኋላ አንድ አንሶላ በልብስ ሰፊ በከረጢት መልክ አሰፍተው በውስጡ ቢያስገቡ ላብና አቧራ ስለማይነካው ለረጅም ጊዜ ሳይታጠብ ይቆያል። ቤት ውስጥ ሲቀመጥም ተጨምቆ ሳይሆን ዘና ብሎ ይንጠልጠል፤ ተጨምቆ የከረመ ሙሌት ተመልሶ አይነፋም።

አስመጪ ነጋዴዎችም ለአቅራቢዎቻቸው ትእዛዝ ሲልኩ ሦስቱን ቁጥሮች በመለያው ላይ እንዲጻፉ ቢጠይቁ ተጨማሪ ወጪ አያስከትልባቸውም። ቁጥሩን አይቶ የገዛና የተመቸው ሰው ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «-5» ወደሸጠለት ሱቅ እስከ አሁን አልተመለሰም።