«ደኅና ነኝ» ከማለታችን በፊት

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። ሰፈር ያደረጋት ግን ከዚያ ወዲህ የጸናው እድርና የቡና ጉርብትና ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፊ ክፍሏ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። አንዳንዶቹ ለለቅሶ ወይም ለበዓል ወደ ቂርቆስ ብቅ ሲሉ «እንዴት ከረማችሁ?» እንላቸዋለን፤ «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉናል። ምስጋናቸው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ አንዲት እናት ይህንኑ ብለውን ከተቀመጡ በኋላ፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉና እየፈቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዝምታው ከብዶን «አይዞዎት፣ አይዘኑ» አልናቸው። ዛሬ ስናስበው፣ ልናሳርፍ የፈለግነው የራሳችንን ጭንቀት ነበር።

ብዙዎቻችን በራሳችንም ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ኀዘን ወይም ቁጣ ብቅ ሲል ምን እንደሆነ ሳናስተውል እናባርረዋለን፤ ቀጥሎም «ክርስቲያን ሆኜ እንዴት እቆጣለሁ?» ብለን በቁጣችን ላይ እንቆጣለን። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳልስ እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው የመንፈሳዊ ሕይወት መጽሐፉ ይህን ሁለተኛ ቁጣ ነቅፎ፣ ሰው ለገዛ ልቡም የዋህ እንዲሆን አስተምሯል።

ለአስተውሎት የሚጠቅመን ልማድ በእጃችን አለ። የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የኅሊና ምርመራ ከምስጋና ይጀምርና ዕለቱን ሰዓት በሰዓት ይመለከታል። በቀደመው ሥርዓቱ ዋናው ጉዳይ ኃጢአትን ማወቅ ነበር፤ የዘመናችን መምህራን የልብን ስሜትም አብረው ይመረምራሉ። ጆን ካባት ዚን የተባሉ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ትንፋሽንና አካልን በትዕግሥት ማስተዋልን ማስተማር ጀመሩ። ልምዳቸው ከቡድሃ ሃይማኖት የመነጨ ነው ብለው የሚሠጉ ምእመናን አሉ፤ ትንፋሻችን ግን የፈጣሪ ስጦታ ነው።

እንግዲህ ማታ ከጸሎት በፊት ጥቂት ደቂቃ እንቀመጥ። ትንፋሻችንን ሳናስገድድ እንከተል። ከዚያም ዕለቱን እናስታውስ፦ የታክሲው ሰልፍ ሲረዝም ደረታችን ጠብቦ ነበርን? ቡናው ያለ ቀድሞዋ ጎረቤታችን ሲፈላ ምን ተሰማን? ስሙን እንጥራው፤ ናፍቆት ከሆነ ናፍቆት፣ ቅናት ከሆነ ቅናት እንበለው። ሐሳባችን ቢባዝን ሳንነቅፈው ወደ ትንፋሻችን እንመልሰው።

ራስን መቀበል ኃጢአትን ማጽደቅ አይደለም፤ ቁጣ መሰማቱ አንድ ነገር፣ ልጅን መምታት ሌላ ነገር ነው። ኀዘኑን የተቀበለ ሰውም መብቱን ከመጠየቅ አይከለከልም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የራቁትን ሰው ግን ወደ ሐኪም እናድርሰው፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወደ ገላን ጉራ ለጥየቃ ስትሄዱ «አይዞዎት» ለማለት አትቸኩሉ። ከቀኑ የትኛው ሰዓት እንደሚከብዳቸው ጠይቁ፤ ቡናው እስከ በረካ እስኪደርስም አብራችሁ ተቀመጡ።