የጓሮ ግሪንሀውስ፦ የቀኑ ሙቀት ለሌሊት እንዴት ይቆጠባል?

መግቢያ

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት፣ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል። እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያሉ ሙቀት ወዳድ አትክልቶች የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገታቸው ይገታል፤ ውርጭ ከመታቸው ደግሞ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል በሚል ብዙዎች በጓሯቸው አነስተኛ ግሪንሀውስ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ በቅጡ ያልታቀደ ግሪንሀውስ ተክሉን በቀትር በሙቀት ይጎዳዋል፤ ሌሊት ደግሞ ከውርጭ ላያድነው ይችላል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት በቅድሚያ ግሪንሀውስ እንዴት እንደሚሞቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግሪንሀውስ ለምን ይሞቃል?

የተለመደው ማብራሪያ፣ መስታወት የፀሐይን ብርሃን አስገብቶ ከአፈሩ የሚመነጨውን ታህተ ቀይ ጨረር ስለሚያግድ ነው የሚል ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊሊያምስ ዉድ ይህን አባባል በሁለት ሣጥኖች ፈተነው። አንደኛውን በመስታወት፣ ሁለተኛውን ታህተ ቀይ ጨረርን በማያግድ ጥርት ያለ የጨው ድንጋይ ከደነ። የሚገባው የፀሐይ ጨረር ለሁለቱም እኩል እንዲሆን ካደረገ በኋላ ሁለቱም ወደ 55 ዲግሪ ያህል ሞቁ፤ ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1909 ታተመ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የቀኑ ሙቀት ዋና ምክንያት ክዳኑ የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይሄድ፣ ነፋስም እንዳይወስደው ማገዱ መሆኑን ነው። (ይህ ማለት በከባቢ አየር የሚከሰተው የግሪንሀውስ ውጤት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እርሱ በእርግጥ በጨረር መዋጥ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የተመሳሰለው ስሙ ብቻ ነው።)

በተግባር የምንጠቀምበት ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ከመስታወት ይልቅ ታህተ ቀይ ጨረርን በብዛት ያሳልፋል። ስለሆነም ደመና በሌለበት ጸጥተኛ የበጋ ሌሊት አፈሩና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ጠፈር ይለቃሉ፤ በውስጥ ያለው አየር ከውጪው ይበልጥ የሚቀዘቅዝበትም ጊዜ አለ።

እቅድና አሠራር

ለአንድ ቤተሰብ 3 ሜትር በ4 ሜትር ወለል ያለው፣ የጎን ቁመቱ 2 ሜትር፣ የጣሪያው ጫፍ 2.8 ሜትር የሆነ ቤት በቂ ነው።

1. ቦታ፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ከአናት ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ገደማ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ገደማ ታጋድላለች። በመሆኑም በቀዝቃዛ አገሮች መጻሕፍት የሚሰጠው «ወደ ደቡብ ይዙር» የሚል ምክር ለእኛ ያን ያህል አስገዳጅ አይደለም። ዋናው ነገር የዛፍና የቤት ጥላ የማያርፍበት፣ ከኃይለኛ ነፋስ የተከለለና ውኃ የማይቋጥር ቦታ መምረጥ ነው።

2. አካል፦ ለቋሚና ለማገር የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃል። ወደ መሬት የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ምስጥን ያዘገያል። ፕላስቲኩ ልዕለ ሐምራዊ ጨረርን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራው ፕላስቲክ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ይሰነጣጠቃል።

3. መናፈሻ፦ የጣሪያው መክፈቻ የወለሉን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል፣ ማለትም 2.4 ካሬ ሜትር ይሁን። በጎን በኩል ያለው ፕላስቲክም ከታች ወደ ላይ የሚጠቀለል ይሁን። ቀዝቃዛው አየር ከታች ሲገባ ሞቃቱ በላይ ይወጣል። ጠዋት መክፈት፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መዝጋት የየዕለቱ ሥራ ነው።

የሌሊቱ ሒሳብ

የዚህ ቤት ጎንና ጣሪያ በድምሩ 44 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ድርብ ፕላስቲክ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያስወጣል ብንል፣ ውስጡን ከውጪው በ3 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው፦

44 × 6 × 3 = 792 ዋት

ውኃ የተሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል በሌሊት በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት፦

200 × 4.2 × 10 = 8,400 ኪሎ ጁል

ይህ ለ12 ሰዓት ሲካፈል ወደ 194 ዋት ይሆናል። ስለዚህ አንድ በርሜል ብቻውን አይበቃም፤ አራት ያስፈልጋሉ። በርሜሎቹን ጥቁር ቀለም ቀብቶ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል መደርደር የታኅሣሥን ፀሐይ እንዲቀበሉ፣ በተክሎቹም ላይ ጥላ እንዳያሳርፉ ይረዳል። በላያቸው ሳንቃ ቢነጠፍ የችግኝ መደብ ይሆናሉ።

ማጠቃለያ

ግሪንሀውስ ሙቀትን አይፈጥርም፤ ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ያቆያል እንጂ። በቀትር ትርፉን የሚያስወጣ መስኮት፣ ለሌሊት የሚቆጥብ ውኃ ከሌለው የፕላስቲክ ዳስ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መልመጃ፦ በሌሊት ሁለተኛ ፕላስቲክ ከውስጥ ቢጋረድና በየካሬ ሜትሩ የሚወጣው ሙቀት ከ6 ወደ 4 ዋት ቢቀንስ፣ ስንት በርሜል ይበቃል?