መዳብ፦ ለፍየል ሲያንስም ሲበዛም ጉድ ነው

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ወተት ፍየልና ስለ መዳብ ነው። «መዳብ ሽቦ አይደል እንዴ? ፍየል ምን ታደርገዋለች?» የሚል አይጠፋም። ግን በእኛ አካባቢ ቤቱ ፍየል የሌለው ተማሪ ጥቂት ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መዳብ ምን ሥራ አለው?

የፍየል አካል መዳብ የሚፈልገው በጣም ትንሽ ነው። የምትታለብ ፍየል ከምትበላው 1 ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ 15 ሚሊግራም ያህል ይበቃታል። በማደግ ላይ ያለ ግልገል ደግሞ 25 ሚሊግራም ያህል ይፈልጋል። 1 ግራም 1,000 ሚሊግራም መሆኑን በሒሳብ ተምረናል። ስለዚህ 1 ግራም መዳብ ለምትታለብ ፍየል ከ66 ኪሎ በላይ መኖ ያዳርሳል ማለት ነው። ትንሽ ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው፦

1ኛ. አካሏ ብረትን ተጠቅሞ ደም እንዲሠራ ይረዳል።
2ኛ. የጠጉሯን ቀለም ይጠብቃል።
3ኛ. አጥንቷን ያጠነክራል።
4ኛ. የነርቭ ሽፋን እንዲሠራ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላዩ ላይ ፕላስቲክ እንዳለው ሁሉ ነርቭም ሽፋን አለው። ሽፋኑ በደንብ ካልተሠራ ከአንጎል የመጣው መልእክት እግር ጋ በትክክል አይደርስም።

ሲያንስ ምን ይታያል?

ጥቁር የነበረችው ፍየል የዛገ ቆርቆሮ ይመስል ወደ ቡናማ ትሄዳለች። ጠጉሯ ይንጨባረራል። የዓይኗ ቆብ ሲገለጥ ውስጡ ነጣ ይላል። ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ቶሎ አታረግዝም። ነገር ግን ልብ በሉ! የሆድ ትልና ረሃብም እነዚህን ምልክቶች ያመጣሉ። ስለዚህ ጠጉር አይቶ ብቻ «መዳብ ነው» ማለት አይቻልም።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ጎረቤታችን ያለቻቸው አንዲት ጥቁር ፍየል ናት፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት በእሷ ወተት ነው። ፍየሏ መንታ ወለደች። ግልገሎቹ በፊት እግራቸው ቢቆሙም የኋላ እግራቸው እየተንገዳገደ ወደቁ። አንዱ በ3ኛው ቀን ሞተ። ሰው ሁሉ «ዓይን ነው» አለ። አንዳንዱ ደግሞ «ገደ ቢስ ናት፣ ቅዳሜ ገበያ ትውጣ» አለ። እሳቸውም ሊሸጧት ገመዱን አዘጋጅተው ነበር።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ግልገሉን አየ፤ የእናቱንም ጠጉርና ዓይን መረመረ። ከዚያም «እማማ፣ ፍየሏ ምንም ጥፋት የለባትም፤ በእርግዝናዋ ወቅት መዳብ አንሷት ሳይሆን አይቀርም» አላቸው። እኔም ደብተሬን ይዤ ስለነበር የነገረንን ጻፍኩ።

ፍየል 5 ወር ያህል ታረግዛለች። ግልገሉ መዳቡን ጉበቱ ውስጥ አጠራቅሞ የሚወለደው ከእናቱ ወስዶ ነው፤ ወተት ውስጥ ያለው መዳብ በጣም ትንሽ ነውና። እናቲቱ ከሌላት ግልገሉም ባዶ እጁን ይወለዳል። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ ይንገዳገዳል፤ ሌላው ደህና ተወልዶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ነርቩ አንዴ ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ በኋላ መዳብ ቢሰጠውም አይመለስም። ስለዚህ መታሰብ ያለበት ገና እናቲቱ ስታረግዝ ነው። ተመራማሪዎች ይህን በሽታ እኛ በምንኖርበት በስምጥ ሸለቆ ፍየሎች ላይ አግኝተውታል፤ ከዓይን ጋር ግንኙነት የለውም።

መዳብ እያለ እንዴት ያንሳል?

ይሄ በጣም የገረመኝ ነው። መኖው ውስጥ መዳብ እያለ ፍየሏ ላታገኘው ትችላለች። መዳብ ባጃጅ የሚጠብቅ ተሳፋሪ ነው እንበል። ሞሊብዴነምና ድኝ የሚባሉት ማዕድናት ጨጓራዋ ውስጥ ተባብረው ይይዙትና እንዳይሳፈር ያደርጉታል። ብረት ሲበዛም መንገድ ይዘጋበታል። መዳቡም ደም ውስጥ ሳይገባ ከበጠጥ ጋር ይወጣል። አፈር የበዛበት ሣር የምትግጥ ወይም ባልዲው ላይ ቀይ ዝገት የሚያስቀር የጉድጓድ ውሃ የምትጠጣ ፍየል ብረት ይበዛባታል። «አሞሌ ታልሳለች፣ ቦሌም እሰጣታለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። አሞሌ ጨው ነው፤ ቦሌ ደግሞ አፈር ስለሆነ ብረትም ይዞ ይገባል። የማዕድን ሚዛን የሚባለው ይሄ ነው፤ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሲበዛስ?

ባለሙያው ለጥቁሯ ፍየል ክብደቷን ገምቶ፣ መጥኖ ሰጣት። ይህን ያዩ ሌላ ጎረቤት «ለበጎቼም ስጥልኝ፣ ምን ይጎዳል?» አሉት። «አይሆንም አባባ፣ ሊገድላቸው ይችላል» አላቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በግም መዳብ ያስፈልገዋል፤ ግን የተረፈውን ቶሎ ማስወጣት ስለማይችል ጉበቱ ውስጥ ያከማቻል። ለፍየል ልክ የሆነው 15 ሚሊግራም ለበግ የአደጋው መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በጉ ለወራት ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ግን ጉበቱ የያዘውን ይለቀውና መዳቡ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ቡና ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ፍየል ከበግ ይልቅ ብትችለውም ሲበዛባት እሷም ትመረዛለች።

ምን እናድርግ?

ሀ. ቤታችን ያረገዘች ፍየል ካለች ለቤተሰብ እናስታውስ፤ ባለሙያ የሚጠየቀው ከመውለዷ በፊት ነው።
ለ. የጠጉሯን ቀለም፣ የዓይኗን ቆብ፣ ወተቷን በየሳምንቱ ደብተር ላይ እንመዝግብ። ባለሙያው ሲመጣ ይጠቅመዋል።
ሐ. ጭድ ብቻ አንስጣት። የቁጥቋጦ ቅጠልና ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ሲጨመር መኖዋ የተሻለ ይሆናል።
መ. ለተክል በሽታ የሚረጨውን ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌት በግምት በጥብጦ ማጠጣት ክልክል ነው! መርዝ ይሆናል።
ሠ. ለፍየል የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ በግ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።
ረ. ሁለት ዓይነት የማዕድን ድጋፍ በአንድ ጊዜ አይሰጥ፤ መዳቡ ተደምሮ ይበዛል።

ጥቁሯ ፍየል አልተሸጠችም። የተረፈው ግልገል አሁንም ትንሽ ያነክሳል፣ ግን መንጋውን ተከትሎ ይውላል። እናቱ እንደገና አርግዛለች። ጎረቤታችንም በዚህኛው ጊዜ ባለሙያውን የጠሩት ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ከሚከተሉት ውስጥ መዳብ ወደ ደም እንዳይገባ የሚያግደው የቱ ነው? ሀ) ውሃ ለ) ሞሊብዴነም ሐ) ሣር። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሣጥን ክተቱ።

ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል። መዳብም እንደዚያው ነው፤ መጥኖ ለሰጠው መድኃኒት፣ በግምት ለሰጠው መርዝ። በሚቀጥለው እትም እስከምንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል