የባሌ ተራሮችና የውኃችን ነገር
ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

መግቢያ

ከጎባ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ የገብስ ማሳ፣ ቀጥሎ የጥድና የኮሶ ዛፍ፣ ከዚያም የአስታ ደን ያገኛል። በመጨረሻ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ሲደርስ ዛፍ ሁሉ ቀርቶ ጅብራ፣ አጭር ሣርና በየቦታው ያቆረ ውኃ ብቻ ይታያል። ቦታው ብርድ የበዛበትና ሰው የማይኖርበት ስለሆነ ብዙዎች ጥቅም የሌለው ምድር አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን በሮቤና በጎባ የምንጠጣው፣ በጊኒርና በራይቱ ከብት የሚጠጣው፣ እስከ ሶማልያ ድረስ እርሻ የሚያለማው ውኃ መነሻው በአብዛኛው ከዚህ ተራራ ነው። ስለሆነም የአየር ንብረት መለወጥ በወንዝ፣ በሐይቅና በከርሰ ምድር ውኃ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ለመረዳት ከደጃችን ካለው ከባሌ ተራራ የተሻለ መማሪያ አይገኝም።

ሀ. በረዶ የሌለው የውኃ ጎተራ

በዓለም ላይ ካለው ውኃ ከ100 እጅ 97 ተኩል የሚሆነው ጨዋማ ነው። ከቀረው ጨው አልባ ውኃ አብዛኛው በበረዶ መልክ የተያዘ ሲሆን፣ ከሢሶ ጥቂት የሚያንሰው ከምድር በታች ይገኛል። በወንዝና በሐይቅ ለዓይናችን የሚታየው ከ100 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሰው ልጅ የሚጣላበትም የሚታረቅበትም ውኃ ይህ ጥቂቱ ነው።

የባሌ ተራራም በጥንት ዘመን በረዶ ለብሶ ነበር። ተመራማሪዎች ፍንጫ ሐበራ በሚባለው የዋሻ ጥላ ውስጥ ባደረጉት ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚያ ይኖሩ እንደነበር በ2011 ዓ.ም. አስታውቀዋል። እነዚህ ሰዎች ትልቁን ፍልፈል እያደኑ ይመገቡ፣ ከበረዶ የሚቀልጠውንም ውኃ ይጠጡ ነበር። በረዶው ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በ3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው፣ ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ባሕር ማለት የሆነው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ፣ ያ በረዶ ቈፍሮ በተወው ጐድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንማራለን። በሌሎች አገሮች ያሉ ረጃጅም ተራሮች ውኃቸውን በበረዶ ያከማቻሉ። የባሌ ተራራ ግን ዛሬ በረዶ የለውም፤ ጎተራው አፈሩ፣ ሣሩ፣ ረግረጉና ደኑ ነው። የክረምቱን ዝናብና ጉም እንደ ሰፍነግ መጥጠው ይይዙና በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቃሉ። ከዚህ ጎተራ የዋቤ ሸበሌ ገባሮች፣ ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማልና ሌሎችም የገናሌ ገባሮች ይነሣሉ። በሮቤ በኩል የሚያልፈው ሻያና በጎባ በኩል የሚወርደው ቶጎና ወደ ወይብ ይገባሉ። ወይብም የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ ወደ ገናሌ ይወርዳል፤ ገናሌም ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማልያ ይገባል። በዋቤ ሸበሌ ላይ የተሠራው፣ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም በዚሁ ከፍተኛ ምድር ውኃ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ለ. የአየር ንብረት ለውጥ ውኃን እንዴት ይጎዳል?

የሰው ልጅ ከሰልና ነዳጅ በማቃጠልና ደን በመጨፍጨፍ ወደ አየር የለቀቀው ጋዝ የምድርን ሙቀት ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከፍ አድርጎታል። ይህ ቍጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቍጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት ከ100 በ7 እጅ ያህል ይጨምራል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮች አብረው ይመጣሉ። በአንድ በኩል የሞቀው አየር ከማሳ፣ ከሐይቅና ከቅጠል ውኃ እየሳበ ድርቁን ያከፋዋል፤ በሌላ በኩል ዝናቡ በመጣ ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ውኃ ብዙ ይሆናል።

1. ወንዞች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በባሌ ቆላዎችም ጭምር፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብም ቀዬውን ለቀቀ። ነገሩን የመረመሩ የልዩ ልዩ አገሮች ሊቃውንት በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሠት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ገምተዋል። ምክንያቱም የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ከአፈርና ከተክል የሳበው ውኃ ጭምር ነው። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መጸው ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ፤ ዋቤ ሸበሌና ገናሌም ሞልተው በሶማሌ ክልል ሰውንና ንብረትን ጎዱ። በውኃ እጦት የተሠቃየው ሕዝብ በውኃ ብዛት ተፈናቀለ።

2. ሐይቆች። የሳነቴ ሐይቆች አብዛኞቹ ጥልቀት የላቸውም። አንዳንዶቹ በዝናብ ወራት ይሞሉና በበጋ ይደርቃሉ። ጥልቀት የሌለው ውኃ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ሙቀት በጨመረ ቍጥር የሚደርቅበት ጊዜ ይፈጥናል። የሐይቅ ዳር ሣር ሲደርቅ ፍልፈሉ፣ ፍልፈሉ ሲጠፋ ደግሞ እርሱን አድኖ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ይቸገራል።

3. የከርሰ ምድር ውኃ። ምንጭና ጉድጓድ የሚሞሉት ቀስ ብሎ በሚዘንብ ዝናብ ነው። እንዲህ ያለው ዝናብ ወደ አፈሩ ዘልቆ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይሰርጋል። በአንድ ሰዓት ዱብ ብሎ የሚወርድ ዶፍ ግን ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩን ይዞ ወደ ወንዝ ይሮጣል። ስለዚህ የዓመቱ ዝናብ በመጠን ባይቀንስ እንኳ አወራረዱ ከተለወጠ ምንጩ ሊነጥፍ ይችላል። «ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ምንጩ ግን ለምን ደረቀ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

የውኃ ጉዳት በመጠን ብቻ አያበቃም። ጎርፍ እበትንና ቆሻሻን ወደ ምንጭ ያስገባል፤ ድርቅ ደግሞ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ እንዲጠጡ ያስገድዳል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ብዙዎችን አሳምሟል። የበሽታው መንሥኤ ተሕዋስ ነው፤ መንገዱን የሚከፍትለት ግን የንጹሕ ውኃ እጦት ነው።

ሐ. ጥፋቱ ሁሉ የአየሩ ነውን?

እዚህ ላይ ለራሳችን እውነቱን መናገር ይገባናል። በሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውኃ ሲያጠጣ የኖረ ነበር፤ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግን ደረቀ። ያደረቀው ሙቀት ብቻ አልነበረም። ለከተማና ለጫት መስኖ ያለ ልክ የተሳበው ውኃ፣ ከተራቈተው ኮረብታ የታጠበው ደለልም አብረው አጠፉት። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለሱ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

በባሌም እንዲሁ ነው። ኦሮሞ አባቶች ጎዳንቱ በሚሉት ሥርዓት ከብቶች በየወቅቱ ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው፣ ወደ ሆራውም ይዘዋወሩ ስለ ነበር ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ ያገኝ ነበር። ዛሬ የሰዉና የከብቱ ቍጥር ጨምሯል፤ ገደላ ገደሉ ታርሷል፤ አስታውም በተደጋጋሚ ይቃጠላል፤ በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. የተነሡት ቃጠሎዎች ይታወሳሉ። ጎተራው አፈርና ሣር እንደሆነ ከላይ አይተናል። እንግዲህ የዓለምን ሙቀት የሮቤ ገበሬ ብቻውን ሊያበርደው አይችልም፤ ለሙቀቱም ያለው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። የበረዶ ጎተራ ያለው ሕዝብ በረዶው ሲቀልጥ ከማየት በቀር የሚያደርገው ብዙ የለውም። የእኛ ጎተራ ግን በእጃችን ያለ ነው፤ ኃላፊነታችን የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መ. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በሰጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ ንጹሕ ውኃ ማግኘት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ከእርሳቸውም በፊት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ለሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ ተፈጥሮን መጠበቅ ከሰላም ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተው ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንደምናነበው ይስሐቅ በአባቱ ዘመን ተቈፍረው በአፈር የተደፈኑትን ጉድጓዶች እንደ ገና አስቈፈረ፤ ጠብ በተነሣበትም ጊዜ ትቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ እንጂ አልተዋጋም። የላይኛው ተፋሰስ ነዋሪ ለታችኛው ያለበት ግዴታ ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

ሠ. በየቁምስናው ምን ሊደረግ ይቻላል?

በመጀመሪያ ምንጫችንን እንወቅ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ አፍ ሥር አስቀምጦ እስኪሞላ ድረስ የሚፈጀውን ሴኮንድ መቍጠር ማንኛውም ተማሪ የሚችለው ነው። ለምሳሌ በ40 ሴኮንድ ቢሞላ፣ ምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንመድብና የሌሊቱ ውኃ በጋን ወይም በታንከር ቢጠራቀም ለ2,160 ሰዎች ይበቃል። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር መሙያው 80 ሴኮንድ ከሆነ ግን ውኃው በግማሽ ቀንሷል፤ 1,080 ሰዎችም ድርሻቸውን አጥተዋል። ይህን በየወሩ በመዝገብ የሚጽፍ ቁምስና ችግሩን ከመድረሱ በፊት ያየዋል፤ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤትም በማስረጃ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት አጥሮ ከከብት መጠበቅ፣ እርከን መሥራት፣ የአገር ዛፍ መትከልና ባሕር ዛፍን ከምንጭ ማራቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች የጣራቸውን ውኃ ያጠራቅሙ። አራተኛ፣ ይህን ሥራ ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድነት እንሥራው፤ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ሕዝብ ምንጩንም በአንድነት መጠበቅ አለበትና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከ20 ዓመት በፊት በበጋ የማይደርቁ፣ ዛሬ ግን የሚደርቁ ምንጮች የትኞቹ ናቸው? ሽማግሌዎችንና ውኃ የሚቀዱ እናቶችን ጠይቃችሁ ጻፉ።
2. ዝናቡ በመጠኑ ሳይቀንስ ምንጭ ሊነጥፍ የሚችለው ለምንድን ነው?
3. የእኛ አስተራረስና አሰማራር በራይቱና በዶሎ ያለውን ወንድማችንን የሚነካው እንዴት ነው?
4. እስከ መጪው ክረምት ድረስ ቁምስናችን ሊፈጽመው የሚችለው አንድ ሥራ ምንድን ነው? ኃላፊውስ ማን ይሁን?