60 በመቶ ቅናሽ ስንል ስንት ማለታችን ነው? ከኮንሶል መደብር ጌም ስንገዛ የምንከፍለውና የምናገኘው

በዛሬው ትምህርት የኮንሶል ኦንላይን መደብሮችን እናያለን፤ ፕሌይስቴሽን ስቶርን፣ ኔንቴንዶ ኢሾፕንና የኤክስቦክስ መደብርን ማለቴ ነው። እነዚህ መደብሮች በየሳምንቱ አዳዲስ ጌሞችን ያወጣሉ፤ ከጎናቸው ደግሞ "60 በመቶ ቅናሽ"፣ "75 በመቶ ቅናሽ" የሚሉ ምልክቶችን ይደረድራሉ። የምኖረው ቶሮንቶ ስለሆነ ምሳሌዎቼን በካናዳ ዶላርና በኦንታሪዮ ታክስ እሠራለሁ። ይሁንና እዚህ ያለን ብዙዎቻችን ጌም የምንገዛው ለራሳችን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ላለ የእህት ወይም የወንድም ልጅም እንገዛለን። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን እያየን እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ዋና ነገር እንያዝ። በዲጂታል መደብር የምንገዛው ዕቃ ሳይሆን ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከአንድ አካውንት ጋር ይታሰራል፤ አካውንቱ ደግሞ ከአንድ አገር ጋር። ይህን ያልተረዳ ሰው በርካሽ ገዝቶም ሊከስር ይችላል።

1. ሒሳቡ

ቀመሩ ቀላል ነው፦

የሚከፈለው = መደበኛ ዋጋ × (1 − ቅናሽ) × (1 + ታክስ)

አንድ ጌም መደበኛ ዋጋው 79.99 የካናዳ ዶላር ነው እንበል። 60 በመቶ ሲቀነስለት መደብሩ 31.99 ብሎ ይለጥፋል። ኦንታሪዮ ውስጥ 13 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ፤ 5ቱ የፌዴራል፣ 8ቱ የክፍለ ሀገሩ ነው። የ31.99 ታክስ 4.16 ስለሚሆን በጠቅላላው 36.15 ዶላር እንከፍላለን። 5 በመቶ ብቻ በሚከፈልበት አልበርታ ያለ ሰው ለዚያው ጌም 33.59 ይከፍላል።

ይህ በተለይ የስጦታ ካርድ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ካርዱ ሲገዛ ታክስ አይከፈልበትም፤ ታክሱ የሚመጣው ጌሙ ሲገዛ ነው። ስለዚህ "ዋጋው 31.99 ነው" ብላችሁ የ35 ዶላር ካርድ ብትገዙ 1.15 ዶላር ይጎድላችኋል።

2. ቅናሹ የተቀነሰው ከየትኛው ዋጋ ነው?

"60 በመቶ" ትርጉም የሚኖረው የተሰረዘው ዋጋ እውነተኛ ከሆነ ነው። ካናዳ ውስጥ የውድድር ሕጉ "መደበኛ ዋጋ" ተብሎ የሚጻፈውን ይቆጣጠራል። ኮምፒቲሽን ቢሮ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንደኛው ሽያጩን ያያል፦ በ12 ወር ውስጥ ከተሸጠው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚያ ዋጋ ወይም ከዚያ በላይ ተሸጧል ወይ? ሁለተኛው ጊዜውን ያያል፦ ከ6 ወሩ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ዕቃው በዚያ ዋጋ በቅን ልቦና ለሽያጭ ቀርቦ ነበር ወይ? ሻጩ ከሁለቱ አንዱን ማለፍ አለበት።

ለገዢ የሚበጀው መንገድ ግን ከዚህ ያጠረ ነው። ጌሙን ወደ ምኞት ዝርዝራችሁ አስገቡና ጠብቁ። በየዓመቱ አዲስ እትም የሚወጣላቸው የእግር ኳስ ጌሞች አዲሱ እትም ሲቃረብ ዋጋቸው በጣም ይወርዳል። ኔንቴንዶ ራሱ የሚያሳትማቸው ጌሞች ግን ዓመታት አልፈውም ብዙ አይቀንሱም። ስለዚህ 30 በመቶ ቅናሽ ለአንዱ ጌም ትልቅ ዕድል፣ ለሌላው ግን ተራ ነገር ነው። መመዘን ያለብን መቶኛውን ሳይሆን ያው ጌም ከዚህ በፊት የወረደበትን ዝቅተኛ ዋጋ ነው።

አዲስ በወጣ ጌም ላይ ደግሞ የመመለሻ ደንቡን ቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን ስቶር ጌሙን ማውረድ ካልጀመራችሁ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን ይመልሳል። በኮምፒውተር ላይ ስቲም የተባለው መደብር በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ይመልሳል። ኢሾፕ ላይ ግን የተገዛ ጌም በመደበኛው አይመለስም።

3. የማብቂያው ሰዓት

በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቅናሾች የሚያበቁት በፓስፊክ ሰዓት ከሌሊቱ 11:59 ላይ ነው። በበጋ ወራት ይህ ቶሮንቶ ውስጥ ከሌሊቱ 2:59 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:59። እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ የቶሮንቶው አይለወጥም፤ አሜሪካም አብራ ትመልሳለችና። ኢትዮጵያ ግን ሰዓት ስለማትቀይር የአዲስ አበባው ወደ 4:59 ይሄዳል። በስልክ "ዛሬ ያልቃል" ስትባባሉ የማን "ዛሬ" እንደሆነ ተጠያየቁ።

4. አካውንቱ የየት አገር ነው?

ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት አዲስ አበባ ላለ የእህታቸው ልጅ ከዳንፎርዝ መንገድ ሱቅ የ50 ዶላር ካርድ ገዝተው የኮዱን ፎቶ በቴሌግራም ላኩለት። ልጁ ቁጥሩን ቢያስገባ ኮንሶሉ አልቀበልም አለው። ሱቁ ደግሞ አንዴ የተከፈተ ካርድ አይመለስም አለ። "ልጄ፣ ገንዘቤ የት ገባ?" ብለው ጠየቁኝ። "የትም አልሄደም እናቴ፤ የእሱ አካውንት የኤምሬትስ ነው፣ ካርዱ ደግሞ የካናዳ" አልኳቸው። ኮዱ ገና ስላልተበላ እዚሁ ያለው ልጃቸው በራሱ አካውንት ተጠቀመበትና ገንዘቡን ሰጣቸው።

ልጁ የኤምሬትስ አካውንት የከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አገር ቤት ያሉ ተጫዋቾች የሌላ አገር ስም መርጠው ይከፍታሉ። የአገልግሎት ውሉ ግን እውነተኛ መረጃ ይጠይቃል፤ አካውንቱ ቢዘጋ ተከራክሮ ማስመለስ ይከብዳል። በአካውንቱ ላይ የተገዛው ሁሉ አብሮ እንደሚሄድ አስቡ።

የሦስቱ ደንብ ይለያያል። ፕሌይስቴሽን አንዴ የተመረጠ አገር እንዲቀየር አይፈቅድም። ኔንቴንዶ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በአካውንቱ ላይ የቀረ ሂሳብ ካለ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። ኤክስቦክስ በ3 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቅዳል፤ የነበረው ገንዘብም ወደ አዲሱ አገር አይሻገርም።

የአገር ዝርዝር ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ2024 በግልጽ ታይቷል። ሄልዳይቨርስ 2 የተባለው ጌም በየካቲት ወር ወጥቶ በኮምፒውተር ላይ በጣም ተሸጠ። በግንቦት መጀመሪያ ላይ ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾችም የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ አዘዘ። አገልግሎቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከስቲም መደብር ተነሣ። ተጫዋቾች በብዛት ተቃወሙና ሶኒ በቀናት ውስጥ ትእዛዙን አነሣ። ገንዘብ ከፍለው ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች ግን አገራቸው ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው።

5. ገዛሁት ማለት የእኔ ሆነ ማለት ነው?

አዲስ አበባ ፕሌስቴሽን ቤት ገብቶ በጨዋታ እየከፈለ ፊፋ የተጫወተ ሰው የዲስክን ጥቅም ያውቃል። ዲስክ ይሸጣል፣ ይዋሳል፣ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። ዲጂታል ፈቃድ ይህን ሁሉ አይችልም።

ፊፋን ራሱን እንውሰድ። ኢኤ የተባለው ኩባንያና የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ከተለያዩ በኋላ አዲሱ ጌም በመስከረም 2023 "ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24" በሚል ስም ወጣ። በዚያው ሰሞን የቆዩት የፊፋ ጌሞች ከዲጂታል መደብሮች ተነሡ። ቀድሞ የገዛ ሰው ማውረድ ይችላል፤ አዲስ ገዢ ግን መደብር ውስጥ አያገኛቸውም። የፊፋ 23 ዲስክ ያለው ሰው ግን ዛሬም መሸጥ ይችላል።

መደብሩ ራሱም ሊዘጋ ይችላል። ኔንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ ኢሾፕን መጋቢት 27 ቀን 2023 ለግዢ ዘጋ። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3 እና የቪታ መደብሮችን ሊዘጋ አስታውቆ፣ ተቃውሞ ሲበዛ በሚያዝያ ወር ሐሳቡን ለወጠ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥታለች። በሕጉ መሠረት ሻጮች ለገዢው የሚሸጡለት ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳይነግሩ "ግዛ" የሚለውን ቃል መጠቀም አይችሉም።

ዲስክ መላክ የመረጠም ሁለት ነገር ያጣራ። ፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል ኤዲሽንና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ለፕሌይስቴሽን ዲስክ ተጨማሪ ይዘት መግዛት ቢፈለግ ደግሞ የአካውንቱ አገር ዲስኩ ከተሸጠበት አካባቢ ጋር መግጠም አለበት። በሰኔ 2025 በወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ላይም አንዳንድ ካርትሪጆች ቁልፉን ብቻ ይይዛሉ፤ ጌሙ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው።

6. የማውረጃው ዋጋ

በመደብሩ ገጽ ላይ የጌሙ መጠን በጊጋባይት ተጽፏል። 50 ጊጋባይት ማለት 400,000 ሜጋቢት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚሰጥ የቶሮንቶ መስመር 67 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ግን ያለማቋረጥ ወደ 28 ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋ ኮንሶሉ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የሚከፈልበት ዳታ ግን ከጌሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለአገር ቤት ስትገዙ ከዋጋው ጎን ይህን ቁጥር ጻፉ።

7. ለገንቢዎች

ቅናሽ የሚከታተል የአማርኛ አፕ ለመሥራት ለምታስቡ አራት ምክሮች አሉኝ።

አንደኛ፣ ዋጋን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ኮምፒውተር በተንሳፋፊ ነጥብ 0.1 እና 0.2ን ሲደምር በትክክል 0.3 አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ የቅናሹን ዋጋ ከመቶኛው አታስሉ። የ79.99 አርባ በመቶ 31.996 ነው፤ መደብሩ ግን 31.99 ለጥፏል። የተለጠፈውን ዋጋ ያዙና መቶኛውን ከእሱ አውጡ።

ሦስተኛ፣ ዋጋ ብቻውን የሚቆም ቁጥር አይደለም። ከእሱ ጋር የመደብሩን አገር፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ የመጀመሪያና የማብቂያ ጊዜውን መመዝገብ አለባችሁ። ጊዜውን በዩቲሲ አስቀምጡ፤ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ የምትቀይሩት ለተጠቃሚው ስታሳዩ ብቻ ነው። በብር ማሳየት ካሰባችሁ የምንዛሪውን ቀንም ጻፉ። ሐምሌ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ዘሏል።

አራተኛ፣ ፍለጋው አማርኛን ይወቅ። "ፕሌይስቴሽን" እና "ፕሌስቴሽን" ብሎ የሚጽፍ ሁለቱም ተመሳሳይ ውጤት ያግኝ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ አምጧቸው።

ጌም ራሱን ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በኢንዱስትሪው የተለመደው የመደብር ድርሻ 30 በመቶ ነው፤ ከ31.99 ላይ 9.60 ለመደብሩ፣ 22.39 ለአሳታሚው መሆኑ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበታን የሠራው ለስልክ ነው፤ ገዢው ያለው እዚያ ነውና። በኮንሶል መንገድ የሄደው የደቡብ አፍሪካው ንያማኮፕ ሴምብላንስ የተባለውን ጌሙን በ2018 ለኔንቴንዶ ስዊች አውጥቷል። ኢትዮጵያዊ ገንቢ ያንን መንገድ ቢከተል፣ የፕሌይስቴሽኑ ዝርዝር እስካልተለወጠ ድረስ በዚያ መደብር የሚሸጥላቸው ወገኖቹ ቶሮንቶ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉት ናቸው። ይህን አውቆ መነሣት ይሻላል።

8. ከመክፈላችን በፊት የምንጠይቃቸው

አካውንቱ የየት አገር ነው? ከታክስ ጋር ስንት ይሆናል? ጌሙ ከዚህ በታች ወርዶ ያውቃል? ቢጠላ ይመለሳል? ለማውረድ ስንት ሰዓትና ስንት ዳታ ይፈልጋል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ዲስኩ በምን ያህል ይገኛል?

እነዚህን ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ ለራሳችሁ የሚሆን ከሆነ ግዙ። ለእህት ልጅ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእሱ ሳትሰሙ ካርዱን አትክፈቱ።