«ሞተር ይውረድ» ሲባሉ፦ ከመስማማትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሮጌ መኪናዎ አንድ ቀን ልስልስ ብሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ መብራት ላይ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይቆራርጣል። ጋራዥ ሲያደርሱት ደግሞ ችግሩ ይጠፋል። ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር «ሞተር ይውረድ» የሚል ምክር መምጣቱ የተለመደ ነው። ወጪው ከባድ ነው። መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛትም፣ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ እንደ ድሮው አይቀልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያለቀ የፒስተን ቀለበት ወይም የተቃጠለ ቫልቭ ዛሬ ታሞ ነገ አይድንም። እየመጣ የሚሄድ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እሳት፣ ነዳጅ፣ አየር ወይም የላላ ሽቦ ነው። እነዚህ ደግሞ ሞተር ሳይወርድ ይታያሉ።

1. ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ጽፈዋል?
ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ወረቀት ያስቀምጡና በተከሰተ ቁጥር ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይስ ሙቅ እንደነበር፣ ዝናብ እንደነበረ፣ ዳገት ወይስ ሜዳ እንደሆነ፣ ነዳጁ ስንት እንደቀረ ይጻፉ።

- *በዝናብና በእርጥብ ጠዋት ከሆነ፦* የካንዴላ ገመዶችንና የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ይጠርጥሩ። ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስተው ኮፈኑን ሲከፍቱ፣ የተሰነጠቀ ገመድ እሳት ሲረጭ በዓይን ይታያል። በእጅዎ ግን አይንኩ።
- *ሲሞቅ ብቻ መጥቶ ሲቀዘቅዝ ከጠፋ፦* ኮይሉን ይፈትሹ፤ ፑንቲና ያለው መኪና ከሆነ ኮንደንሰሩንም ጭምር።
- *ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ከሆነ፦* ነዳጅ እያነሰው ይሆናል። ፊልትሮው፣ ፓምፑና የታንከሩ ዝገት ይታዩ። ሲቆራርጥ ዳር ይዘው የነዳጅ ክዳኑን ይክፈቱ፤ አየር በኃይል ሲገባ ከሰሙና መኪናው ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።
- *ሚኒሞ ላይ ተንቀጥቅጦ ነዳጅ ሲሰጡት ከተስተካከለ፦* የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል።

2. ካንዴላዎቹ ምን ይላሉ?
አራቱንም በየተራቸው አስወጥተው ይደርድሩ። ቀላ ያለ ቡኒ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የነዳጅ መብዛትን፣ ቅባት ያለው እርጥበት የዘይት መግባትን፣ ነጣ ያለ ቀለም የነዳጅ ማነስን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። አንዱ ብቻ ከተለየ ከሌላው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር ያለዋውጡት፤ ችግሩ አብሮት ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው።

3. ከፍታውን አስበዋል?
አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል። ከአዋሽ በሙቀት ሲወጡ ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ሊፈላ ይችላል፤ አቁመው ሲያቀዘቅዙት ከተነሳ ሞተሩን አይውቀሱ።

4. ማሰሪያዎቹ ጠብቀዋል?
የባትሪውን ጫፎችና ከሞተሩ ጋር የሚያያዘውን የኔጌቲቭ ገመድ ያጽዱ፣ ያጥብቁ። ዋጋው ኢምንት ነው። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ከሆነ ግን መጀመሪያ ቁጥር 5ን ይመልከቱ።

5. ኢንጄክሽን ከሆነ ኮዱ ተነቧል?
ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ይነበብ፤ አለዚያ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት ኮዶች የሚስተውን ሲሊንደር በቁጥር ይነግራሉ።

6. ዕቃ የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው?
ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። አሮጌውንም ዕቃ ይረከቡ። የኬ ሞተር ያለው ኮሮላ ዲኤክስ ከሆነ የገመዶቹ ተራ 1-2-4-3 ነው፤ በብዙዎቹ ባለአራት ሲሊንደር መኪኖች የተለመደው 1-3-4-2 ስለሆነ ገመድ ሲቀየር እንዳይምታታ ያስታውሱ።

7. ኮምፕሬሽን ተለክቷል?
ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለካ። አራቱን ቁጥሮች በጽሑፍ ይቀበሉ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ከፍ ካለ ቀለበቱ አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋስኬት ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጋስኬቱ ይቀድማል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች
የነዳጅ ሽታ፣ የራዲያተር ውሃ ማለቅ፣ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ዘይት፣ ከሞተሩ ሥር የሚሰማ ድብደባ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል የሞተር መብራት ካስተዋሉ መንዳቱን ያቁሙ።

አራቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡና እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ሞተሩን አያስወርዱ፤ ወደ ወረቀትዎ ተመልሰው ከላይ ያሉትን በየተራ ያስፈትሹ። ቁጥሩ በግልጽ ከወረደ ደግሞ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነና ምን እንደሚቀየር በጽሑፍ ያስሞሉ፤ ገንዘብዎን ለመክፈል የሚስማሙት ያን ጊዜ ነው።