ስለ ኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌርና ስለ ቅጂው አያያዝ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጉዳይ እንጂ የእኛ የአርትስ ተማሪዎች ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ በምዝገባ ሰሞን ኔትወርክ ተቋርጦ በሰልፍ የቆመ ሁሉ፣ የየትኛውም ፋኩልቲ ተማሪ ቢሆን፣ ከጉዳዩ ባለቤቶች አንዱ ነው። ደግሞም ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው የሽቦና የመብራት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈትና የቅጂ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው፤ ስለ ጽሕፈትና ስለ ቅጂ ደግሞ እኛም የምንለው አይጠፋንም።

የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር ሲባል ምን ማለት ነው? በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰርቨሮች፣ ስዊቾችና ራውተሮች አሉ እንበል። እነዚህን ሁሉ ቀንና ሌሊት እየዞረ «አለህ ወይ? ዲስክህ ሞልቷል ወይ? ሙቀትህ ስንት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ፣ መልሱን የሚመዘግብ፣ መልስ ያጣ እንደ ሆነም ለባለሙያው በስልክ መልእክት ወይም በኢሜል የሚጮኽ ፕሮግራም ነው። ባጭሩ ዘበኛ ነው። ከእንደነዚህ ያሉት ዘበኞች መካከል ናጊዮስ፣ ካክታይና ዛቢክስ የታወቁ ናቸው። እኛ ለምሳሌ የምንወስደው ዛቢክስን ነው፤ በነጻ ስለሚገኝና ክፍሎቹ ተለይተው ስለሚታዩ ለትምህርት ይመቻል። የጀመረው አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የተባለ የላትቪያ ሰው ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ነው።

ዛቢክስ ጥያቄውን የሚልክ ሰርቨር አለው፤ ሁሉ ነገር የሚጻፍበት ዳታቤዝ አለው፤ ባለሙያው ገብቶ የሚያይበትና የሚያዝዝበት ድረ ገጽ አለው፤ በየኮምፒዩተሩም ኤጀንት የሚባል ትንሽ ተጠሪ ያስቀምጣል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሲጠፋ የሚያስለቅሰው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ሌላውን ከኢንተርኔት እንደገና አውርዶ መትከል ይቻላል።

በዳታቤዙ ውስጥ ያለው ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ የትምህርታችንም ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት መረጃው ነው፤ ይኸውም በየደቂቃው የተመዘገበው ቁጥር ሁሉ። ሁለተኛው ቅንብሩ፣ ማለትም ኮንፊገሬሽን የሚባለው ነው፤ ይህም የትኞቹ መሣሪያዎች እንዲጠበቁ፣ በምን ያህል ጊዜ እንዲጠየቁ፣ ምን ሲደርስ እንዲጮኽና ማን እንዲጠራ የተወሰነው ውሳኔ ነው።

የሁለቱን መጠን በቁጥር እናስተያየው። መቶ መሣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም በየደቂቃው 50 ነገር ይጠየቃሉ እንበል። ይህ በደቂቃ 5,000፣ በቀን ደግሞ 7,200,000 ቁጥር ይሆናል። አንዱ ቁጥር በዳታቤዙ ውስጥ በግምት 90 ባይት ቦታ ይይዛል ብንል በቀን 648 ሜጋባይት፣ በሠላሳ ቀን ከ19 ጊጋባይት በላይ ይሞላል። ቅንብሩ በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜጋባይት አይበልጥም። አንድ ዘፈን ወይም ሁለት ዘፈን የሚይዘውን ቦታ ያህል ማለት ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው በመጠን ይታለላል። «ዳታቤዙ ትልቅ ስለ ሆነ በየቀኑ ቅጂ ማውጣት አይቻልም» ይልና ሁሉንም ይተወዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ ስዊች ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ስንት ሜጋቢት እንዳስተላለፈ ቢጠፋ የሚያዝን ሰው የለም። ቅንብሩ ግን የሰው ዕውቀት ነው። ለምሳሌ ማንኛውም ዲስክ 90 ከመቶ ሲሞላ ይጮኽ ዘንድ ታዟል፤ የአንዱ አሮጌ ሰርቨር ዲስክ ግን ዘወትር 93 ከመቶ ላይ ስለሚኖር ለእርሱ ብቻ 97 ተደርጎለታል። የዚያ ሕንፃ ስዊች መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ ስለሚታወቅ ከአሥር ደቂቃ በፊት ማንንም እንዳይቀሰቅስ ተነግሮታል። ይህን ሁሉ ያወቀው አንድ ባለሙያ ነው፤ ያወቀውም በብዙ እንቅልፍ አልባ ሌሊት ነው። ያ ሰው ነገ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ያ ዕውቀት የሚገኘው በእነዚያ 10 ሜጋባይት ውስጥ ብቻ ነው። ዲስኩ የተቃጠለ ዕለት አዲሱ ሠራተኛ ሁሉን ነገር ከሀ ይጀምራል፤ እስኪማረውም ድረስ ዘበኛው ወይ በከንቱ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል።

በመካከል ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ። ዛቢክስ ጥሬውን ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ ካቆየ በኋላ ይሰርዘዋል፤ የየሰዓቱን ዝቅተኛ፣ አማካይና ከፍተኛ ግን ትሬንድ በሚባል ሰንጠረዥ ለብቻው ይይዛል። ከላይ ባሰብነው ምሳሌ የዓመቱ ትሬንድ 4 ጊጋባይት አይሞላም። የመስመሩ ስፋት እንዲጨመር ገንዘብ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ማስረጃው ይኸው ነው፤ ያለ ዓመት ግራፍ ወደ በጀት ክፍል መሄድ ያለ ምስክር ሸንጎ እንደ መቅረብ ነው። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው አካሄድ ቅንብሩን በየቀኑ፣ ትሬንዱን በየሳምንቱ መቅዳት ነው፤ ጥሬው ቁጥር ቦታ ከተገኘ ይቀዳ፣ ካልተገኘም ይቅር።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። አንዳንዱ ሰው በሊኑክስ ኮምፒዩተሩ ላይ ኤትሲ በሚባለው ፎልደር ሥር ያሉትን የዛቢክስ ፋይሎች ይቀዳና ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ናጊዮስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እውነትነት ነበረው፤ የናጊዮስ ቅንብር በተራ የጽሑፍ ፋይል ይጻፋልና። በዛቢክስ ግን እነዚያ ፋይሎች የሚናገሩት ዳታቤዙ የት እንዳለና በምን የይለፍ ቃል እንደሚከፈት ነው እንጂ ውሳኔዎቹን አይዙም። እነርሱም ይቀዱ፤ ባለሙያው በእጁ የጻፋቸው የማንቂያ ስክሪፕቶችም አብረው ይቀዱ፤ ዋናው ግን ዳታቤዙ ነው።

ዳታቤዙ ሥራ ላይ እያለ የዲስክ ፋይሎቹን እንዲያው ገልብጦ መውሰድ አይገባም። አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ሌላው በዚያው ሰዓት እየፋቀ የሚጽፍበት ቢሆን፣ የቅጂው መጀመሪያ ከአሮጌው፣ መጨረሻው ከአዲሱ ይሆንና የማንኛውም ያልሆነ መጽሐፍ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ማይኤስኪዩኤል ለሚባለው ዳታቤዝ ማይኤስኪዩኤል ደምፕ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለው ምርጫ ሲጨመርበት ዛቢክስ ሥራውን ሳያቋርጥ የአንድን ቅጽበት ሙሉ መልክ ይቀዳል። ፖስትግሬስም የራሱ ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለና ልብ እንበል። ታላላቆቹን የቁጥር ሰንጠረዦች ለመተው «እነዚህን ዝለል» ብለን ብናዝዝ፣ ትእዛዙ በውስጣቸው ያለውን ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዦቹን ራሳቸውን ይዘላቸዋል። ቅጂውን መልሰን ስንጭን ዛቢክስ ሊጽፍበት የሚፈልገው መዝገብ የለም፤ ስለዚህ አይሠራም። መድኃኒቱ የእነዚያን ሰንጠረዦች ባዶ ቅርጽ በሌላ ትእዛዝ ለብቻው ማውጣትና ከቅጂው ጋር ማኖር ነው።

ድረ ገጹ ላይ ደግሞ ኤክስፖርት የሚባል ቁልፍ አለ፤ ብዙዎች የሚወዱት ቀላል ስለ ሆነ ነው። የመሣሪያዎችን ዝርዝርና ቴምፕሌት የሚባሉትን ሞዴሎች በንጹሕ ጽሑፍ ያወጣል፤ ከትናንቱ ጋር ለማነጻጸርም ግሩም ነገር ነው። ይሁን እንጂ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝርና «ይህ ሲሆን እገሌን ጥራ» የሚለውን ትእዛዝ አይጨምርም። ዘበኛው ሁሉን ያያል፤ የሚጠራው ሰው ግን የለውም። ስለዚህ እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ምትክ አንቀበለውም።

ካክታይን ለሚጠቀሙ አንድ ቃል ብቻ። የካክታይ ቁጥሮች አርአርዲ በሚባሉ ፋይሎች ይቀመጣሉ፤ እነዚህ ፋይሎች በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ተጽፈው በሌላ ዓይነት ላይ ላይነበቡ ይችላሉ። ወደ ኤክስኤምኤል ጽሑፍ ተለውጠው ቢቀመጡ የትም ይነበባሉ።

ቅጂው ከወጣ በኋላ የት ይቀመጥ? በዚያው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ቅጂ እንዳለመያዝ ይቆጠራል። በዚያው ክፍል ውስጥ ባለ ሌላ ኮምፒዩተር ማስቀመጥም ብዙ አይሻልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ በእሳት ወድሟል፤ ዋናውንም ቅጂውንም በዚያው ስፍራ ያኖሩ ደንበኞች ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጥተዋል። የእኛ ፋኩልቲ ሰው ይህን ነገር ከመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ያውቀዋል፤ በሌሎች ቋንቋዎች ከፊሉና ቁርጥራጩ ብቻ ሲገኝ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፤ የተረፈውም በሩቅ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በብራና እየተገለበጠ ስለ ኖረ ነው።

ቅጂውን ወደ ሌላ ሕንፃ ስንወስድ ግን ምስጢሩም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ፋይል ውስጥ የመሣሪያዎቹ አድራሻ፣ ስዊቾቹ የሚጠየቁበት የምስጢር ቃል፣ አንዳንድ ጊዜም የሰርቨሮች የይለፍ ቃል አለ። የግቢው ቁልፎች ሁሉ የተሰኩበት ቀለበት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በፍላሽ ተይዞ በኪስ የሚዞር ነገር አይደለም፤ በምስጢር ጽሕፈት ተቆልፎ ይቀመጥ፤ መክፈቻውን የሚያውቁትም ከአንድ ሰው በላይ ይሁኑ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቅጂ ሳይኖር አለ ብሎ መተኛት ነው። የጊትላብ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ስለ ሆነ ዘርዘር አድርገን እናቅርበው። ጊትላብ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ድርጅት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ ባለሙያ የተጠባባቂውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋሁ ብሎ የዋናውን አጠፋ። ትእዛዙን ቶሎ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ቅጂውን ፍለጋ ቢሄዱ የቅጂው ማከማቻ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ምን ነበር ቢሉ፣ ዳታቤዙ የ9.6 እትም ሲሆን ቅጂ የሚያወጣው መሣሪያ የ9.2 እትም ስለ ነበረ በየቀኑ እንቢ ይል ነበር። እንቢታውን የሚገልጸው ኢሜልም ይላክ ነበር፤ ነገር ግን ተገቢው ፊርማ ስላልነበረበት ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሙከራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት ያነሣው ቅጂ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ጠፋ። 5,000 ያህል ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ የተጠቃሚ መዝገቦች ተነክተዋል። ድርጅቱ ገመናውን ሳይሸፍን ይህን ሁሉ በዝርዝር ለሕዝብ ማሳወቁ የሚያስመሰግነው ነው፤ በብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ ይቀበራልና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። የመጀመሪያው ቅጂው ራሱ መጠበቅ እንዳለበት ነው። ዛቢክስ የማንኛውንም ፋይል ዕድሜና መጠን ሊጠይቅ ይችላል፤ የመጨረሻው ቅጂ ከ26 ሰዓት በላይ ካረጀ ወይም መጠኑ በድንገት በግማሽ ከወረደ ይጩኽ። ይሁን እንጂ ዛቢክስ የራሱን ቅጂ ብቻውን እንዲጠብቅ መተው አይበቃም፤ ዘበኛው የራሱን ሞት አያውጅምና። ሌላ ኮምፒዩተር፣ ትንሽና ርካሽም ቢሆን፣ ዛቢክስ በሕይወት መኖሩንና ቅጂው መድረሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ቅጂው ተመልሶ መጫን መቻሉን መሞከር ነው። ቢያንስ በየመንፈቁ አንድ ትርፍ ኮምፒዩተር ተፈልጎ፣ ያው የዛቢክስ እትም ይተከልበትና ቅጂው ይጫንበት። እትሙ ያው ይሁን የምንለው በከንቱ አይደለም፤ አዲስ እትም አሮጌውን ዳታቤዝ ሲያገኝ ወደ ራሱ ሥርዐት ይለውጠዋል፤ አሮጌ እትም ግን አዲሱን ዳታቤዝ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ እትም ከመቀየሩ በፊት ሁልጊዜ ቅጂ ይውጣ፤ ወደ ኋላ መመለሻው እርሱ ብቻ ነውና። ደግሞም ሙከራው ሲደረግ የኔትወርኩ ገመድ ይነቀል። ከቅጂ የተነሣው ዛቢክስ ሙከራ ላይ መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ተነሣ መሣሪያዎቹን መጠየቅ፣ ሰዎቹንም በስልክ መጥራት ይጀምራል፤ ሁለት ዘበኛ በአንድ ሌሊት ሲጮኽ የትኛው እውነት እንደሚናገር የሚለይ የለም። በሙከራው የመሣሪያዎቹ ቁጥር ከዋናው ጋር ይመሳከር፤ የ97ቱ ከመቶ ዓይነት ልዩ ውሳኔዎች መገኘታቸው ይታይ፤ ሥራው ስንት ሰዓት እንደ ፈጀም ይመዝገብ።

የቀረው አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የዛቢክሱና የዳታቤዙ እትም፣ ቅጂዎቹ ያሉበት ስፍራ፣ መክፈቻውን የሚያውቁት ሰዎች፣ የመጫኛው ቅደም ተከተልና የመጨረሻው ሙከራ ቀን ይጻፍ። ይህ በፋይል መልክ በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ተቀምጦ ያየንበት ቦታ አለ፤ ሰርቨሩ በወደቀ ቀን ማን ያነበዋል? በሁለት ቅጂ ታትሞ አንዱ በኮምፒዩተር ክፍሉ መሳቢያ፣ ሌላው በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።